የአባቴ ስፒከር ዝም ያለበት ሰሞን

ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ የተበላሸ ዕቃ አልነበረም። ይህን ከወዲሁ ልናገርና ይውጣልኝ። አምፕሊፋየሩ ደህና፣ ሬዲዮው ደህና፣ ሁለቱ ስፒከሮች ደህና፣ ገመዱም እኔ እስክደርስበት ድረስ ደህና ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከትምህርት ቤት መጥቼ፣ የጠመኔ ብናኝ ከእጄ ሳላጥብ፣ መሬት ላይ ተንበርክኬ ስፈታና ስገጥም የነበረው ራሴ ያበላሸሁትን ነው። ጠዋት አበላሻለሁ፤ አመሻሽ ላይ "አሁንስ ያገኘሁት መሰለኝ አባባ" እላለሁ። እንዲህ ካለ ሥራ ይሰውራችሁ።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ፍኖተ ሰላም፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ሱቅ ነበረቻቸው። ግራ ዓይናቸው ቀድሞ ጠፋ፤ ቀኙን ሞራ ሲጋርደው ሱቋን ዘጉ። የሱቋን ቅሪት ግን ሳሎናችን ውስጥ ደረደሩት፤ አንድ አሮጌ ሬዲዮ፣ ከሌላ ዘመን የመጣ አምፕሊፋየር፣ ከዋንዛ ሳንቃ በእጃቸው ሳጥን የሠሩላቸው ሁለት ስፒከሮች። ከኋላ ያለው ገመድ ሲታይ የአጥር ሐረግ ነው። እናቴ ዳንቴል ጣል ታደርግበታለች፣ አባቴ "ይታፈናል" እያሉ ያነሡታል። እንዲህ ሲሉ ነው የኖሩት።

አመሻሽ ላይ የአካባቢያችን ሬዲዮ ዜና ያሰማል፣ የእህል ዋጋ ይናገራል፣ ከዚያ የሐዘን ማስታወቂያ ያነባል። አባቴ ዜናው ቢያመልጣቸው ግድ የላቸውም፤ የሐዘኑ ግን አያመልጣቸውም። "የሰው ሞት ሳይሰሙ መቅረት ነውር ነው" ይላሉ። ከደንበጫ እስከ ሽንዲ ማን እንዳረፈ የሚያውቁት በዚያ ነው፤ የሚያውቁት ሰው ከሆነ በማግሥቱ ጋቢያቸውን ደርበው ለቅሶ ይደርሳሉ።

እንግዲህ ቀኝ ዓይናቸው ኦፕራሲዮን ሆነ። ሐኪሙ በላዩ ላይ መሸፈኛ ለጥፎ ሲሸኘን፣ እስከ አሥራ አምስተኛው ቀን መጎንበስ የለም፣ ከባድ ማንሣት የለም፣ መጮህ የለም አለን። "ከሁሉም በላይ ለቅሶ የለም፤ ያለቻቸው ይህችው አንዲት ዓይን ናት።" እናቴ ያንን ሰምታ "ምን የሚያስለቅስ ነገር አለና!" አለች። አፏን በቆረጠው! በአራተኛው ቀን አክስቴ ቡሬ ላይ ሞቱ።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። እናታቸው በሕፃንነታቸው ስለሞተች አባቴን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ፣ ጠላ እየጠመቁ ያስተማሩ እኚሁ አክስቴ ናቸው። አባቴ ሽበታም ሽማግሌ ሆነው እንኳ እሳቸው ፊት ሲቀርቡ ልጅ ይሆናሉ፤ "እታለሜ" ነው የሚሏቸው። በእኛ አገር እንዲህ ያለች እህት ስትሞት ወንድም አልጋው ላይ ተቀምጦ በመሐረብ እንባውን አይጠርግም። ደረቱን ይደቃል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል። አባቴን አውቃቸዋለሁ፤ ሁሉንም ያደርጉታል። ዓይናቸውም በዚያው ትሄዳለች።

ጎረቤት ቤት ተሰብስበን መከርን፤ እናቴ፣ እኔና የንስሐ አባታችን። መርዶ ወግ አለው፤ እንደ ወሬ አይለቀቅም። ሽማግሌ ተይዞ፣ ጎህ ሲቀድ ተሂዶ፣ ሰውየው ከአልጋው ሳይወርድ ነው የሚነገረው። የንስሐ አባታችን ነገሩን ቆረጡት፦ "የሞተችውን እግዚአብሔር ያያታል። ዓይን የሚያስፈልገው ላለው ነው። መሸፈኛው ይነሣ፣ ሐኪሙ ደህና ነው ይበል፣ በማግሥቱ መጥቼ እኔው እነግረዋለሁ።" እስከዚያው እንድንደብቅ ተስማማን። እናቴ ስልካቸውን "ባትሪው አብጧል" ብላ ሰወረች። ጠያቂ ሲመጣ በር ላይ እየጠበቀች በጆሮው ታንሾካሹካለች። ለቀብሩ ቡሬ የሄደችው "አራስ ልጠይቅ" ብላ ነው፤ ጥቁሯን፣ ጠያቂ አይቶ አፉ እንዳያመልጠው፣ ጎረቤት ቤት ለበሰች፣ ጎረቤት ቤት አወለቀች።

የቀረን ሬዲዮው ነው። ቡሬ ያሉትን የአክስቴን ልጆች ማስታወቂያውን እንዲተዉት ለመንኳቸው። "አገር ሳይሰማ? ምን ቆርጦን!" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን ማስታወቂያው ለብዙ ቀን በየማታው ይደገማል፣ ሲነበብም የዘመዱ ስም ሁሉ ይጠራል፤ ወንድማቸው በፍኖተ ሰላም ከተማ፣ እገሌ፣ ተብሎ። አባቴ የገዛ ስማቸውን ከሐዘንተኞቹ መካከል ሊሰሙ ነው። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "የሱን ዕቃ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ አንድ ነገር አድርጊ" አለች። ይህ እውነት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሱቋ ውስጥ መበየጃ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ባሕር ዳር ያለው ወንድሜ አምፖል መቀየር አይችልም። ስልክ ደውሎ "በርቺ" ማለት ግን ይችላል።

"ሬዲዮ ይቅርብዎ፣ ዕረፍት ነው የታዘዘልዎ" ብዬ ሞክሬ ነበር። "ሐኪሙ የነካው ዓይኔን ነው፤ ጆሮዬን ማን ከለከለኝ?" አሉኝ። መብራት እንኳ፣ ሌላ ጊዜ ሲፈልግ የሚጠፋው፣ ያን ሰሞን አንድ ቀን ሳይጠፋ ቦግ ብሎ ከረመ።

በመጀመሪያው ቀን ከሬዲዮው ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደውን ገመድ፣ ጫፉ ላይ ቀይና ነጭ ጃክ የሚባል መሰኪያ ያለውን፣ ከሬዲዮው ጀርባ መዘዝ አድርጌ ተውኩት። አለቀ ብዬ ነበር። አመሻሽ ላይ አባቴ ዳብሰው ማብሪያውን ተጫኑ። ስፒከሮቹ ዝዝዝ አሉ።

"ይሰማሻል?" አሉ።

"ምኑ አባባ?"

"ዝዝታው ነዋ! አምፕሊፋየሩ አፉን ከፍቶ የሚያጎርሰው አጥቶ ነው። ጃኩ ወልቋል፤ ግፊው።"

ምን ልሁን? ከኋላ ገብቼ በአንድ እጄ ጃኩን እየገፋሁ፣ በሌላው የሁለቱንም ስፒከር ሽቦ ከመቆንጠጫው አላቀቅሁ። ዝዝታው ጠፋ። ሁሉም ጠፋ።

አባቴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። "ሁለቱም?"

"ሁለቱም።"

"ኧረ ተይኝ! ሰው በአንድ ቀን ሁለቱም ጫማ ይቀደድበታል?"

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔ ግን ገና ሳልሮጥ ተፈታ። በማግሥቱ ሌላ ብልሃት ማምጣት ነበረብኝ። ጠዋት ተማሪ ሳስተምር፣ ሰሌዳው ላይ የኤሌክትሪክ ዑደት እየሣልኩ፣ ልቤ ያለው የአባቴ ሳሎን ውስጥ ነው። ለልጆቹ መስመሩ የት እንደተቋረጠ ፈልጉ እላለሁ፤ ራሴ ደግሞ እንዳይገኝ የት ልቁረጠው እያልኩ አስባለሁ። እንዲህ ያለችም መምህርት አለች።

የስፒከሮቹን ሽቦ መልሼ አስሬ፣ የዚያን የቀይና ነጩን ገመድ ውስጡን ቆረጥኩት፤ ጃኩን ፈትቼ፣ ሽቦውን በጥሼ፣ መልሼ ገጠምኩት። ከውጭ አይታይም። አባቴ በቴስተር እንድለካው አዘዙኝ፤ መስመሩ ደህና ከሆነ ቴስተሩ ጢጥ ይላል። አላለም። እንዴት ደስ እንዳላቸው! "እሰይ! ተገኘ! በይ በይጂው" አሉ። ተቀምጬ በየድኩ። ማለቴ፣ የበየድኩ መሰልኩ፤ የሚቀልጠውን የመበየጃ ቆርቆሮ ሳላሞቅ አስነካሁት። አባቴ ከአልጋቸው ሆነው በአፍንጫቸው ሳቡ።

"ሽታው አልደረሰም" አሉ። "ሳይሞቅ ያጣበቅሽው አይዝም። ስንቴ ነግሬሻለሁ?"

"ሞቋል አባባ።"

"እኔ ማየት ተሳነኝ እንጂ ማሽተት ተሳነኝ?"

አልያዘም፤ መቼም አይይዝም። አባቴ ለእናቴ፣ እኔ የማልሰማቸው መስሏቸው፣ "ልጅሽ እጇ ጠፋ" አሏት። "አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፣ ከዚያ አድምጪ ብዬ አስተምሬያት ነበር። አሁን ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ ትነካካለች። ትምህርት ቤቱ አደከማት።"  በሕይወቴ አባቴ የኮሩብኝ በዚያች በእጄ ነበር፤ በጠመኔዋም በዲግሪዋም አይደለም። ወጥቼ ጓሮ ቆሜ አየር ሳብኩ። ላለቅስ ነበር፤ ግን ዓይኔ አብጦ ከገባሁ እናቴ ትቆጣለች፣ ድምፄ ከሻከረ አባቴ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ተውኩት። አክስቴን እስከዚያን ቀን አንዴም አላለቀስኳቸውም። እኔንም ቡሬ በሄድኩ ቁጥር ገና በር ላይ "ከሳሽ" እያሉ አስቀምጠው የሚያበሉኝ ሴት ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ቀኖች ደባልቄ ነው የማስታውሳቸው። ቀኙን ወደ ግራ አዙሪ ይሉኛል፣ አዞርኩ እላለሁ። ጫፉን በአሸዋ ወረቀት ጥረጊው፣ ጠረግሁ። ትርፍ ገመድ ሣጥኑ ውስጥ አለ፤ የለም፣ አይጥ በልቶታል። "አይጥ ገመዴን? በዚህ ቤት እህል ጠፋ?" የፈተና ወረቀት ክምሩ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነው። ጉልበቴ ከመንበርከክ ብዛት ደንዝዟል። አንድ ቀን አምፕሊፋየሩ ጀርባ፣ ግድግዳውን ተደግፌ፣ ገመዱን እንደያዝኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። አባቴ ጥገናው የረቀቀ መስሏቸው ዝም ብለው ጠበቁኝ።

ገመዱን ማበላሸት በጀመርኩ በስምንተኛው ቀን ሐጂ መጡ። ሐጂ ገበያው መሐል የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው፤ ለአባቴ ሱቅ ዕቃ ያመጡ የነበሩት እሳቸው ናቸው፣ ወዳጅነታቸውም የዚያን ጊዜ ነው። እናቴ ወፍጮ ቤት ስለነበረች በር ላይ የሚያስጠነቅቅ አልነበረም። ሐጂ ቀጥ ብለው ገብተው፣ "ዓይን እንዴት ሆነ?" ብለው፣ ከኪሳቸው አዲስ ገመድ አወጡ። ቀይና ነጭ፣ እንደታሸገ። አባቴ ከጠያቂ ሰው ጋር ልከውባቸው ኖሯል፣ ለእኔ ሳይነግሩ!

ጉድ ፈላ። ሰዓቱም ደርሷል። "ሐጂ፣ አንዴ ደጅ ላስቸግርዎ" ብዬ ጎትቼ አወጣኋቸውና በሁለት ቃል ነገርኳቸው። ሐጂ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። "ኢና ሊላሂ... የቡሬዋ?" አሉ።  ከዚያ ተመልሰው ገቡና ገመዱን ከአባቴ እጅ ወሰዱ፣ አገላብጠው አዩት።

"ይቅር ይበሉኝ" አሉ፣ "ይህ የማይረባ ነው። ከዚህኛው ጭነት የመጣው ሁሉ የማይረባ ነው። ላሳፍርዎ አልፈልግም፤ ሌላ አስመጣለሁ።"

አባቴ ሻይ አስቀረቡላቸው። ሻይ ጠጡ፣ ስለ ዝናብ አወሩ። ሐጂ ሲወጡ በር ላይ እጄን ያዝ አድርገው "አይዞሽ" አሉኝ። ያቺ ቃል ልትጥለኝ ነበር።

በማግሥቱ፣ ሐኪሙ ሊያያቸው ሁለት ቀን ሲቀር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ አልጋቸው ላይ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ቀጥ ብለው ተቀምጠው አገኘኋቸው። በእናቴ ያስመጧቸው ሁለቱም ስፒከሮች አጠገባቸው አሉ። በእጃቸው የባትሪ ድንጋይ ይዘዋል። እናቴ ማድቤት ናት።

"ተቀመጪ" አሉኝ።

ተቀመጥኩ። የስፒከሩን ሁለት ሽቦ ከባትሪ ድንጋዩ ጫፍና ጫፍ ነካ አደረጉት። ቋ አለ። ሌላኛውንም ነካ አደረጉት፤ ቋ።

"ስፒከሮቹ ደህና ናቸው። አምፕሊፋየሩ በመጀመሪያው ቀን ዝዝ ብሏል፣ እሱም ደህና ነው። ገመድ ነው እንዳልል ሐጂ አዲስ አመጡ። ሐጂ ይህን ሁሉ ዘመን ዕቃቸውን ሲያሙ ሰምቼ አላውቅም፤ የተሰበረውንም ደህና ነው ብለው ይሸጣሉ። ትናንት ግን እንደታሸገ አሙት።" ባትሪ ድንጋዩን አስቀመጡ። "እንግዲህ ዕቃ አልተበላሸም። የሰው እጅ ነው። እጁም ያንቺ ነው።"

 "አባባ..."

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። ልጄ እንዲሁ በተንኮል አትዘጋብኝም። የተዘጋው በዚያ ሰዓት የሚነበብ ነገር ስላለ ነው።" ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር፤ ሱቅ ውስጥ ለደንበኛ የዕቃውን በሽታ ሲያስረዱ እንደነበረው። "እናትሽ አራስ ቤት ሄዳ ጉሮሮዋ ተዘግቶ መጣች። አራስ ቤት እልል ይባላል እንጂ... ወንድምሽ እሑድ ባንቺ ስልክ አነጋግሮኛል፤ እሱ ደህና ነው።"  ያስቀመጡትን ባትሪ ድንጋይ ዳብሰው አነሡት። "እታለሜ፣ እኔን ባስነጠሰኝ ቁጥር የምትደውለው፣ ዓይኔ ተቀዶ ስንተኛ ቀኑ ነው? የኔ ስልክ ቢጠፋ ባንቺ አትደውልም ነበር? እሷ ናት?"

 የተማከርነው፣ ሽማግሌው፣ ጎሁ፣ የንስሐ አባት፣ ምኑም አልነበረም፤ እኔ ብቻ ነኝ፣ ጠመኔ የነካው ቀሚሴን እንደለበስኩ። "አዎ አባባ" አልኩ። "ዓይንዎን አደራ! አደራ አያልቅሱ!"

አባቴ ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ግድግዳው ላይ አስደገፉ፤ ፊታቸው ወደ ጣሪያው ቀና አለ። አፋቸውን ገጠሙ። በአፍንጫቸው ብቻ ይተነፍሳሉ። ሁለት እጃቸው ብርድ ልብሱን ጨብጦታል።  ከዚያ እጃቸው ትከሻዬን ፈልጎ አገኘው።

"እኔ ተከልክያለሁ" አሉ። "አንቺ አልቅሺልኝ።"

"አባባ..."

"ድምፅሽን አውጥተሽ! እህቴ እንደ ውሻ ዝም ተብላ አትቀበርም። አልቅሺልኝ።"

አለቀስኩ። የዘጠኝ ቀኑን ነው ያለቀስኩት፤ አክስቴንም፣ ድካሜንም፣ "እጇ ጠፋ" መባሌንም። ጮኼ አለቀስኩ። እናቴ ከማድቤት "ወይኔ! ወይኔ ልጄ!" እያለች ሮጣ ገባች፤ አንድ ጊዜ አባቴን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየችና እሷም ተቀበለችኝ። ጎረቤት አጥር ዘሎ መጣ። የሚገባው ሁሉ ደረቱን ሊደቃ እጁን ሲያነሣ እናቴ በጣቷ ወደ አባቴ ዓይን ታሳየዋለች፤ እጁን ያወርዳል። እንዲህ ያለ ለቅሶ ቤት አይቼ አላውቅም። አልቃሿ አንዲት እኔ ነኝ፤ ሌላው ግድግዳ ለግድግዳ ተደርድሮ በሹክሹክታ ያዝናል። አባቴ መሐሉ ላይ ቀና እንዳሉ፣ ጉንጫቸው ደረቅ፣ ትከሻዬን እንደያዙ ናቸው። እኔ ሲደክመኝ በጣታቸው ነካ ያደርጉኛል፤ እንደገና እጀምራለሁ።

የንስሐ አባታችን መጡና እኔን ተቆጡ። አባቴ "ልጅቷን ተዉአት፤ እኔው ነኝ ያገኘሁት" አሏቸው።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ መሸፈኛውን አንሥቶ በመብራት አየላቸው፣ ጣቱን አስቆጠራቸው። ሁሉንም በትክክል ቆጠሩ። ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አስነበባቸው፤ አነበቡ። "በጣም ጥሩ ነው፣ እንዲህ የተጠነቀቀ በሽተኛ አላየሁም" አለ ሐኪሙ። እናቴ አንገቷን ደፋች። ጥቁሯን በነጠላዋ ሸፍናው ስለነበር ሐኪሙ ልብ አላለውም።

"ጥያቄ አለዎት አባቴ?"

"አንድ አለኝ" አሉ አባቴ። "ማልቀስ የሚፈቀደው ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ሐኪሙ ቀልድ መስሎት ከልቡ ሳቀ። "እሱንስ ሌላ ሁለት ሳምንት ይታገሱኝ" አለ።

አባቴ በጣታቸው ቆጠሩ። ሁለቴ ቆጠሩ።

"ደግ" አሉ ወደ እኔ ዞረው። "ለተዝካሯ እደርሳለሁ።"